የሩብ ግማሽ ስንት ነው?

በዛሬው የትምህርት ገጻችን ብዙ ወላጅ የሚሸሸውን፣ ልጆችም ደብተራቸውን ዘግተው የሚነሡበትን ነገር ይዘን ቀርበናል። ክፍልፋይን በክፍልፋይ ማባዛት። «ይሄማ የተማሪ ነገር ነው» ብላችሁ ገጹን ከማለፋችሁ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ።

ራሽን መጀመሪያ በ30 ከመቶ ተቀነሰ እንበል። ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ ከቀረው ላይ ግማሹ ተቀነሰ። አሁን ከሙሉው ራሽን ስንት እጁ ይደርሰናል?

ሰልፍ ላይ ቆሞ ይህን የሚጠየቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቶሎ ብሎ ይደምራል። «ሠላሳና ሃምሳ ሰማንያ፤ እንግዲህ ሃያ ከመቶ ነው የቀረን» ይላል። አይደለም። የሚቀረው 35 ከመቶ ነው። የሙሉ ራሽን መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን 2,100 ካሎሪ ነው። ሃያ ከመቶ ማለት 420 ካሎሪ ነው፤ ሠላሳ አምስት ከመቶ ግን 735። በመካከሉ ያለው 315 ካሎሪ በበቆሎ ዱቄት ሲመዘን ከ80 ግራም በላይ ነው፤ ለአንድ ሰው፣ በየቀኑ። ሰባት ነፍስ ባለበት ቤት ይህ ከግማሽ ኪሎ ያልፋል። ስለዚህ ሂሳቡን የሚያውቅ ቤተሰብ የጎደለበትን ያውቃል፤ የማያውቀው ደግሞ ተጎድሎበትም ቢሆን «እንዲህ ነው የተባለው» ብሎ ይሄዳል።

ጥያቄው ከአየር ላይ የመጣ አይደለም። የዓለም የምግብ ፕሮግራም በካኩማና በዳዳብ ራሽንን በጁን 2015 በ30 ከመቶ፣ በዲሴምበር 2016 በግማሽ፣ በኦክቶበር 2017 እንደገና በ30 ከመቶ ቀንሶ ነበር። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመኖች እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) በየመካከሉ ከፍ ዝቅ ሲል ስለቆየ እነዚህን ሦስት ቅነሳዎች አንዱን በሌላው ላይ መደርደር አይቻልም። ነገር ግን «ይህን ያህል ተቀነሰ» የሚል ማስታወቂያ በተለጠፈ ቁጥር መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ስንት?» ብቻ አይደለም፤ «ከምን ላይ?» ጭምር ነው። ከሙሉው ላይ ነው ወይስ አምና ከቀረው ላይ?

እግረ መንገዴን ስለ አንዲት ፊደል ላንሳ። «በ28 ከመቶ ተቀነሰ» እና «ወደ 28 ከመቶ ተቀነሰ» አንድ አይደሉም። በ2025 አጋማሽ በካኩማና በዳዳብ ራሽኑ ወደ 28 ከመቶ ወርዶ ነበር፤ ማለትም ከ2,100 ካሎሪ 588 ያህል። «በ28 ከመቶ» ቢሆን ኖሮ ግን 1,512 ይቀር ነበር። ማስታወቂያ ስታነቡ «በ» እና «ወደ»ን ለይታችሁ አንብቡ፤ ለማያነቡ ሽማግሌዎችም ስታነቡላቸው ለይታችሁ ተናገሩ።

«የ» ማባዛት ነው

አሁን ወደ ሂሳቡ እንግባ። በትምህርት ቤት ልጆቻችን የሚማሩት እንዲህ ነው፦ 1/2 × 1/4 = 1/8። ይህን ሲያዩ ብዙ ወላጆች «እኛ በአማርኛ ነው የተማርነው» ወይም «እኛ ጭራሽ አልተማርንም» ይላሉ። ግን በየቀኑ እየተናገራችሁት ነው እኮ። «የሩብ ግማሽ» ስትሉ አባዝታችኋል። «የሲሶው እኩሌታ» ስትሉ አባዝታችኋል። በክፍልፋይ መካከል የገባች «የ» ፊደል የማባዛት ምልክት ናት።

እንግሊዝኛውም ያው ነው። በኬንያ ትምህርት ቤት መጽሐፍ ውስጥ በሁለት ክፍልፋዮች መካከል «ኦፍ» የሚል ቃል ሲገባ አስተማሪው «አባዙ» ማለቱ ነው። በስዋሂሊ ደግሞ «ያ» ይባላል፤ የሩብ ግማሽ «ኑሱ ያ ሮቦ» ነው። ሞያሌ ለምንኖር «ሮቦ» እንግዳ ቃል አይደለም፤ የእኛው «ሩብ» ዘመድ ነው። ሰዓቱንም ብታዩ ስዋሂሊና አማርኛ እንደ አንድ ቤት ልጆች ይቆጥራሉ። «ሳአ ምቢሊ ና ሮቦ» ሲባል በእኛ ሁለት ሰዓት ከሩብ ነው፤ «ካሶሮቦ» ደግሞ ሩብ ጉዳይ። ሁለቱም ሕዝብ ቀኑን ከንጋት ስለሚቆጥር ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም ሰዓቱን ለመተርጎም አንቸገርም።

እንግዲህ ወደ ሱቅ ሄዳችሁ «የሩብ ኪሎ ስኳር ግማሹን ስጠኝ» ብትሉ ባለሱቁ የሚመዝንላችሁ አንድ ስምንተኛ ኪሎ፣ ማለት 125 ግራም ነው። ኪሎው 160 ሽልንግ ቢሆን የምትከፍሉት 20 ሽልንግ ነው። ርዕሱ ላይ የጠየቅነው ይኸው ተመለሰ።

ልጆቻችሁን መርዳት የምትችሉት በዚህ በኩል ነው። በማርች 2018 በኢትዮጵያ በኩል ባለው ሞያሌ ሰላማዊ ሰዎች ከተገደሉ በኋላ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ኬንያ ሲሻገር አብዛኞቹ ሴቶችና ሕጻናት ነበሩ። እንዲህ ተሰዶ የመጣ ልጅ ክፍልፋይን በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ለመጨረስ ይገደዳል። ልጁ ያጣው ሂሳቡን ሳይሆን ቃሉን ነው። ስለዚህ እናትየው እንግሊዝኛ ባታውቅም «የሩብ ግማሽ ስንት ነው?» ብላ በቤት ቋንቋ ብትጠይቀው የግማሹን መንገድ ሄደችለት ማለት ነው።

በአሸዋ ላይ ማየት

ደንቡ አጭር ነው። የላይኛውን ከላይኛው አባዙ፤ የታችኛውን ከታችኛው አባዙ። (የላይኛው በትምህርት ቤት ላዕል፣ የታችኛው ታሕት ይባላል።) 2/3 × 3/4 ስንል፦ 2 ጊዜ 3 ስድስት፤ 3 ጊዜ 4 አሥራ ሁለት። መልሱ 6/12፣ ሲቃለል 1/2።

ግን ደንብ ብቻ የያዘ ልጅ ፈተና ላይ ይረሳዋል። ለምን እንዲህ እንደሚሆን ካየ አይረሳም። ለማየት ደግሞ ወረቀትም አያስፈልግም፤ ጣትና መሬት ይበቃሉ። አሸዋው ላይ አንድ ትልቅ አራት ማዕዘን ሳሉ። ይህ ሙሉው ነው፤ እርሻ በሉት፣ ድፎ ዳቦ በሉት። ከላይ ወደ ታች ሦስት መስመር አስምሩና አራት እኩል ቦታ ክፈሉት። ከአራቱ በሦስቱ ላይ ጠጠር አስቀምጡ። እነዚህ 3/4 ናቸው። ቀጥሎ ከግራ ወደ ቀኝ ሁለት መስመር አስምሩ፤ አሁን ሙሉው በሦስት ተራ ተከፈለ። ከጠጠሩ ላይ የሁለቱን ተራ ብቻ ውሰዱ። የ3/4 ሁለት ሦስተኛ ማለት ይህ ነው።

አሁን ቁጠሩ። በአራት ማዕዘኑ ውስጥ ስንት ትንንሽ ሳጥን አለ? አራት በሦስት፣ 12። የታችኞቹ ቁጥሮች የሚባዙት ለዚህ ነው፤ ሙሉው ስንት ቦታ እንደተቆራረጠ ይነግሩናል። የወሰድናቸው ሳጥኖችስ? ሦስት በሁለት፣ 6። የላይኞቹ የሚባዙት ደግሞ ለዚህ ነው፤ ስንቱን ቁራጭ እንደወሰድን ይነግሩናል። ከ12 ሳጥን 6፣ ግማሽ። ልጆች ይህን አንድ ጊዜ በገዛ እጃቸው ከሠሩት በኋላ «ለምን?» ብለው አይጠይቋችሁም፤ እናንተን ማስተማር ይጀምራሉ።

ትንሽ ብልሃት ልጨምር። ቁጥሮቹ ትልልቅ ሲሆኑ ከማባዛት በፊት ማቃለል ድካም ይቀንሳል። 8/15 × 5/12 ቢሰጣችሁ ዝም ብላችሁ አታባዙ። ላይ ያለው 8ና ታች ያለው 12 ሁለቱም ለ4 ይካፈላሉ፤ 2ና 3 ይሆናሉ። ላይ ያለው 5ና ታች ያለው 15 ለ5 ይካፈላሉ፤ 1ና 3 ይሆናሉ። የቀረው 2/3 × 1/3 ነው፤ መልሱ 2/9። በደረቁ ብታባዙት 40/180 ላይ ደርሳችሁ እሱን ስታቃልሉ ይመሽባችኋል። ይህ ግን ለማባዛት ብቻ ነው። ክፍልፋይ ሲደመር እንዲህ አያስኬድም፤ ልጆች እዚህ ላይ ነው የሚምታታባቸው።

ለምን አነሰ?

አንዲት የስድስተኛ ክፍል ተማሪ የቤት ሥራዋን ይዛ አያቷ ዘንድ ስትሄድ እኔም እዚያው ነበርኩ።

«አባባ፣ እስቲ ይዩልኝ። መጽሐፉ አንድ ሦስተኛ በአንድ አራተኛ ሲባዛ አንድ አሥራ ሁለተኛ ነው ይላል። ማባዛት ማለት ማብዛት አይደለም እንዴ? ለምን አነሰ?»

ሽማግሌው ሳቁ። «አንቺ ደግሞ! የሲሶው እርቦ ስንት ነው ብለሽ ጠይቂያ። አንድ ሰው ከአውድማው ሲሶው ደረሰው። ከሲሶው ላይ እርቦውን ለወንድሙ ሰጠ። ወንድሙ የያዘው ከሲሶው ሊበልጥ ነው?»

«አይበልጥም።»

«እንግዲያስ መጽሐፍሽ አልዋሸም።»

የልጅቷ ጥያቄ ግን የቀልድ አይደለም። በአማርኛ «ማባዛት» የሚለው ቃል ራሱ ከ«በዛ» የወጣ በመሆኑ ልጆቻችንን ያሳስታል። መልሱ ሲያንስባቸው የተሳሳቱ መስሏቸው ይሰርዙታል። ይህን ዝርዝር አሳዩአቸው፦ 12 × 3 = 36፤ 12 × 2 = 24፤ 12 × 1 = 12፤ 12 × 1/2 = 6፤ 12 × 1/4 = 3። ሦስት ጊዜ መውሰድ ያበዛል። አንድ ጊዜ መውሰድ እንዳለ ይተወዋል። ግማሽ ጊዜ መውሰድ ያሳንሳል። ድንበሩ 1 ነው። ከ1 በሚበልጥ ስታባዙ ይበዛል፤ ከ1 በሚያንስ ስታባዙ ያንሳል።

አውድማው ላይ የነበረ ሂሳብ

ሽማግሌው «ሲሶ» እና «እርቦ» ያሉት እንዲያው ለምሳሌ አይደለም። በዕድሜ የገፉት ወገኖቻችን እነዚህን ቃላት የተማሩት ከደብተር ሳይሆን ከአውድማ ነው። ከመሬት አዋጁ በፊት በብዙ የኢትዮጵያ ክፍል ጭሰኛው የሚጠራው ለባለመሬቱ በሚሰጠው ክፍልፋይ ነበር። ከምርቱ ግማሹን የሚሰጠው የእኩል አራሽ፣ አንድ ሦስተኛውን የሚሰጠው የሲሶ አራሽ፣ አንድ አራተኛውን የሚሰጠው የእርቦ አራሽ። ሰው በክፍልፋይ የሚጠራበት ዘመን ነበር ማለት ነው።

በዚያ ላይ አሥራት አለ፤ ከምርቱ አንድ አሥረኛው። የመንግሥት ግብር ቢሆንም በብዙ ቦታ ከጭሰኛው የሚሰበስበው ባለመሬቱ ነበር። እዚህ ላይ ነው «ከምን ላይ?» የሚለው ጥያቄ እህል የሚሆነው። እስቲ እናስላው።

የሲሶ አራሹ 30 ኩንታል አገባ እንበል። አሥራቱ በመጀመሪያ ይነሣል፤ 3 ኩንታል። 27 ቀረ። ሲሶው ከቀረው ላይ ይወሰዳል፤ 9 ኩንታል። ለአራሹ 18 ኩንታል ይቀረዋል። በማባዛት ሲጻፍ ከአሥራት የተረፈው 9/10 ነው፤ ከዚያ ላይ ለአራሹ የሚቀረው 2/3። 9/10 × 2/3 = 18/30፣ ሲቃለል 3/5። ከአምስት ሦስት እጅ።

አሁን ደግሞ ሲሶው ከቀረው ላይ ሳይሆን ከጠቅላላው ላይ ይወሰድ። አሥራት 3፣ ሲሶ 10፣ ድምሩ 13። ለአራሹ 17 ኩንታል ይቀረዋል። ያው ሲሶ፣ ያው አሥራት፤ አንድ ኩንታል ግን ጠፋ። መቶ ኪሎ እህል ከአንድ ቤተሰብ ጎተራ የሚወጣው «ከቀረው» እና «ከጠቅላላው» በሚሉት ሁለት ቃላት መካከል ነው። አንድም ፊደል ሳይቆጥር ያደገ ገበሬ ይህን ልዩነት አብጠርጥሮ ያውቅ ነበር፤ ስለማያውቅ ሳይሆን አቅም ስለሌለው ነበር የሚበደለው።

የሌሎቹንም ለማየት ያህል፦ የእርቦ አራሹ 9/10 × 3/4 = 27/40 ይዞ ይገባል፤ ከ30 ኩንታል 20 ኩንታል ከ25 ኪሎ። የእኩል አራሹ 9/10 × 1/2 = 9/20 ብቻ፤ 13 ኩንታል ተኩል። የእኩል አራሽ ቢባልም እኩሌታው እንደማይደርሰው ልብ በሉ። አሥራቱ ቀድሞ ወጥቷላ!

አሥራት በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር ተተካ፤ ይኸው አዲሱ ግብር ጎጃምን ያሳመጸው ነው። የጭሰኛና የባለመሬት ግንኙነት ደግሞ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቀረ። ቃላቱ ግን አልቀሩም። ዛሬም «ሲሶው» ስንል ሁላችንም እንግባባለን።

ዳቦ ለአሥር ሰው

የራሽን ክፍፍል የዛሬ ጭንቀት ብቻ አይደለም። ከ3,500 ዓመት በፊት አሕሞስ የሚባል የግብፅ ጸሐፊ በፓፒረስ ላይ የጻፈው የሂሳብ መጽሐፍ ዛሬ ለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። ከመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች አንዱ 9 ዳቦ ለ10 ሰው እንዴት ይካፈላል የሚል ነው። እኛ ቶሎ ብለን «ለእያንዳንዱ 9/10» እንላለን። ግብፆች ግን ከ2/3 በቀር ላይኛው ቁጥሩ 1 የሆነ ክፍልፋይ ብቻ ነበር የሚጽፉት። ስለዚህ አሕሞስ ለእያንዳንዱ ሰው 2/3 እና 1/5 እና 1/30 ዳቦ ይደርሰዋል ይላል። ደምሩት፤ 20/30 እና 6/30 እና 1/30፣ 27/30፣ ልክ 9/10 ነው። ከዚያም መልሶ በ10 እያባዛ 9 ዳቦ መምጣቱን ያረጋግጣል። የሚያከፋፍል ሰው ሂሳቡን ሰው ፊት መልሶ ማረጋገጥ እንዳለበት ያኔም ያውቁ ነበር።

ድብልቅ ቁጥር ሲመጣ

ሁለት ተኩል በአንድ ተኩል ስንት ነው? ብዙ ተማሪ «ሁለት ጊዜ አንድ ሁለት፤ የግማሽ ግማሽ ሩብ፤ ሁለት ከሩብ» ብሎ ይመልሳል። ስሕተት ነው፤ ስሕተቱ ደግሞ የሚታይ ነው። ቁመቱ 2 ሜትር ተኩል፣ ወርዱ 1 ሜትር ተኩል የሆነ የመኝታ ቦታ መሬት ላይ አስምሩ። በውስጡ አራት ዓይነት ቁራጭ አለ። ትልቁ 2 በ1፣ ማለት 2 ካሬ ሜትር ነው። በጎኑ ያለው 2 በግማሽ፣ 1 ካሬ ሜትር። በራስጌ ያለው ግማሽ በ1፣ ግማሽ ካሬ ሜትር። በማዕዘን ላይ ያለችው ትንሿ የግማሽ ግማሽ፣ ሩብ ናት። ሲደመር ሦስት ካሬ ሜትር ከሦስት ሩብ። «ሁለት ከሩብ» ያለው ተማሪ ሁለቱን የመካከል ቁራጮች ጥሏቸዋል።

በአጭሩ ለመሥራት መጀመሪያ ድብልቁን ወደ ግማሾች ለውጡት። ሁለት ተኩል አምስት ግማሽ ነው፣ 5/2። አንድ ተኩል ሦስት ግማሽ ነው፣ 3/2። 5/2 × 3/2 = 15/4፣ ማለት 3 ከ3/4። እንግዲህ በስደተኛ መጠለያ ለአንድ ሰው ቢያንስ 3 ካሬ ሜትር ተኩል የተከለለ ቦታ ይገባዋል የሚል ዓለም አቀፍ መለኪያ አለ። በትክክለኛው ሂሳብ ይህ ቦታ ለአንድ ሰው ይበቃል፤ በተሳሳተው ሂሳብ ግን አይበቃም። አንድ ሰው ነው እንግዲህ፤ ሁለት ሰው አስተኝተው «በቂ ነው» ካሏችሁ ይህን አስምራችሁ ማሳየት ትችላላችሁ።

ለእናቶች

ይህን ክፍል በተለይ ልጅ የያዛችሁ እናቶች አንብቡልኝ። ልጅ ሲያስቀምጠው የክሊኒኩ ፓኬት ከሌለ በቤት የሚዘጋጀው ውሃ እንዲህ ነው፦ ለ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ማንኪያው ያልተቆለለ፣ ከላይ የተስተካከለ ይሁን። ቤት ያለው ጠርሙስ ግን ግማሽ ሊትር ቢሆንስ? ሁሉም ግማሽ ይሆናል። ስኳሩ 3 ማንኪያ፣ ጨው ደግሞ የግማሽ ግማሽ፣ ሩብ ማንኪያ። ውሃውን ቀንሶ ጨውን እንዳለ መተው አደገኛ ነው፤ ጨው የበዛበት ውሃ ሕጻኑን ይጎዳዋል። ዕቃችሁ 3/4 ሊትር ከሆነ ስኳሩ 4 ማንኪያ ተኩል፣ ጨው 3/4 × 1/2 = 3/8 ማንኪያ ነው። ሦስት ስምንተኛ ማንኪያ ማን በትክክል ይሰፍራል? ስለዚህ በዚያ ዕቃ ውስጥ ግማሽ ሊትር ብቻ ለክታችሁ ሥሩ። ፓኬቱ ካለ ግን አትክፈሉት፤ ላዩ ላይ በተጻፈው የውሃ መጠን ሙሉውን በጥብጡ። ልጁ ከደከመ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃተው ደግሞ ሂሳቡን ትታችሁ ወደ ክሊኒክ ሩጡ።

በውርስም ይገባል

ሙስሊም አንባቢዎቻችን ይህን ሂሳብ ከብዙዎቻችን በላይ ያውቁታል። በእስልምና ሕግ ባል ሲሞት ልጆች ካሉ ሚስት አንድ ስምንተኛ ትወርሳለች። በመጀመሪያ የቀብር ወጪና ዕዳ ይነሣል፤ ቀጥሎ ኑዛዜ ካለ ይፈጸማል፤ ኑዛዜው ከሲሶ መብለጥ የለበትም። ሟቹ ሲሶውን ሙሉ ተናዝዞ ከሆነ ለወራሾች የሚቀረው 2/3 ነው። የሚስት ድርሻ የዚያ አንድ ስምንተኛ ይሆናል፤ 2/3 × 1/8 = 2/24፣ ሲቃለል 1/12። ሚስቶቹ ሁለት ቢሆኑ ያንኑ እኩል ይካፈሉታል፤ ለእያንዳንዷ 1/24። አሁንም «ከምን ላይ?» ነው። ከጠቅላላው ሀብት አንድ ስምንተኛ የጠበቀችና ከቀረው ላይ አንድ ስምንተኛ የደረሳት ሴት፣ ሂሳቡ ካልተገለጸላት ተበደልኩ ትላለች፤ ወንድማማቾችም ይጣላሉ። በ9ኛው መቶ ዘመን አልጀብራን የጻፈው አልኸዋሪዝሚ ከመጽሐፉ ሰፊውን ክፍል የሰጠው ለዚሁ ለውርስ ክፍፍል መሆኑ አያስገርምም። ፍርዱ የቃዲው ነው፤ እኛ የምንናገረው ስለ ማባዛቱ ብቻ ነው።

ለመለማመጃ

ሦስት ጥያቄ እንተውላችሁ። መልሱን ከማየታችሁ በፊት ከልጆቻችሁ ጋር መሬት ላይ ሥሩት።

አንደኛ፦ 20 ሊትር በሚይዝ ጀሪካን ውስጥ ውሃው 3/4 ላይ ደርሷል። ከዚያ ላይ 2/5 ለልብስ ማጠቢያ ወጣ። ለልብስ የዋለው ስንት ሊትር ነው?

ሁለተኛ፦ ራሽን በሩብ ተቀነሰ። በኋላ ከቀረው ላይ ሲሶው ተቀነሰ። ከሙሉው ምን ያህል ቀረ?

ሦስተኛ፦ ራሽን በግማሽ ተቀነሰ። ከወራት በኋላ «አሁን በምታገኙት ላይ ግማሹን ጨምረናል» ተባለ። ወደ ቀድሞው ተመለሰ?

መልስ። የመጀመሪያው 2/5 × 3/4 = 6/20፣ ሲቃለል 3/10፤ ከ20 ሊትር 6 ሊትር። የሁለተኛው ሩብ ሲነሣ 3/4 ይቀራል፤ ከዚያ ሲሶው ሲነሣ 2/3ቱ ይቀራል። 3/4 × 2/3 = 6/12፣ ግማሽ። ሦስተኛው ላይ ብዙ ሰው «አዎ፣ ተመለሰ» ይላል። አልተመለሰም። ግማሹ የተጨመረው በቀረው ላይ ነው፤ የቀረው ደግሞ ራሱ ግማሽ ነበር። 1/2 × 3/2 = 3/4። በካሎሪ ስናየው 2,100 ወደ 1,050 ወረደ፤ የ1,050 ግማሽ 525 ነው፤ ሲደመር 1,575። ከሙሉው ገና 525 ይጎድላል።